ምልክት እየጠበቅኩ ጥቅምና ጉዳቱን ብጽፍ እምነት ማጣት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ወለተ ማርያም ነኝ። ዱባይ የቤት ሠራተኛ ሆኜ እንድሄድ ሥራ ተገኝቶልኛል። እናቴ ግን የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ የምትኖረውም ከእኔ ጋር ነው። ሱባኤ ይዤ ምልክት እየጠበቅኩ ነው፤ እስካሁን ምንም የለም። ጓደኛዬ «ጥቅሙንና ጉዳቱን ወረቀት ላይ ጻፊው» አለችኝ። እግዚአብሔርን ከጠየቅኩ በኋላ እንዲህ ማስላት እምነት ማጣት አይሆንብኝም?

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ማርያም፣ አይሆንብሽም። ጻፊው። ሱባኤሽንም እንዳትተዪ።

መጽሐፈ ነህምያን ክፈቺ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ይበቁሻል። የፋርስ ንጉሥ ጠጅ አሳላፊ የነበረው ነህምያ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን በንጉሡ ከተማ በሱሳ ሆኖ ሰማ። አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ከካሴሉ ወር እስከ ኒሳን ወር፣ አራት ወር ያህል ማለት ነው። ከዚያ ንጉሡ አርጤክስስ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀው። ነህምያ እዚያው ቆሞ ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ፤ የሚናገረው ግን አልጠፋውም። የሚመለስበትን ጊዜ ቆርጦ ነገረው። ከኤፍራጥስ ወንዝ ማዶ ላሉት ገዢዎች የይለፍ ደብዳቤ ለመነ። የበሮቹን እንጨት እንዲሰጠው ለዱር ጠባቂው ለአሳፍ ሌላ ደብዳቤ አስጻፈ። ይህ ሁሉ ድንገት አፉ ላይ የመጣለት አይመስለኝም። በእነዚያ ወራት ሲጸልይም ሲያስብም ነበር። ኢየሩሳሌም ገብቶም ሦስት ቀን ቆየ፤ ከዚያ ለማንም ሳይናገር በሌሊት ቅጥሩን ዞሮ አየ። አንድ ቦታ ላይ የተቀመጠበት እንስሳ ማለፊያ እስኪያጣ ድረስ ፍርስራሹን በዓይኑ አየው። የአምላኩ እጅ ከእርሱ ጋር እንደሆነች ያመነ ሰው ነው ይህን ያደረገው።

ስለ ምልክት ብዙዎች ጌዴዎንን ያነሣሉ። ጌዴዎን ምልክት ለማየት ፀምሩን፣ ማለትም የበግ ጠጉሩን፣ የዘረጋው እግዚአብሔር አስቀድሞ «ሂድ» ካለው በኋላ ነው። አንቺ ምልክት አላየሁም ብለሽ አትጨነቂ። ሕልም አስፈቺ ፍለጋ ቤት ለቤት አትዙሪ፤ መጽሐፍ ገላጭ ዘንድማ ፈጽሞ አትሂጂ።

ወረቀቱ ላይ አስቀድመሽ እናትሽን ጻፊ። መድኃኒቷ ሲያልቅ ማን ይገዛላታል? ሌሊት ስኳሯ ቢወርድ ማን አጠገቧ አለ? «ዘመድ አይጠፋም» ብለሽ አትለፊው። ስሙን ጻፊ፤ ሄደሽም ጠይቂው። ቀጥሎ ሥራውን። ሕጋዊ ኤጀንሲ ነው ወይስ ደላላ? ዕረፍት አለሽ? ስልክሽ በእጅሽ ይሆናል? ለመሄጃ የምትበደሪው በስንት ወር ደመወዝ ይከፈላል?

መጨረሻ ላይ ለምን መሄድ እንደፈለግሽ ጻፊ። ለእናትሽ መድኃኒት ነው? ወይስ የጎረቤት ልጅ ሄዳ ቤት ስለሠራች? ይህችን መስመር ከንስሐ አባትሽ በቀር ለማንም ማሳየት የለብሽም፤ ስለዚህ እውነቱን ጻፊ። እሳቸው ዘንድ ስትሄጂ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብለሽ ብቻ አትጠይቂ፤ ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂ። የእሳቸው ምክር የሚጠቅምሽ ነገሩን በሙሉ ሲያዩት ነው። ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች እኅትም ፈልጊና አነጋግሪ። እናትሽንም ጠይቂያት፤ በደብዳቤሽ ውስጥ እሷ ምን እንዳለች አልነገርሽኝም።

በዚህ መሀል «ዛሬ ካልፈረምሽ ዕድሉ ያመልጥሻል» የሚልሽ ሰው ይመጣ ይሆናል። ያምልጥ። ውሉን በምትረጂው ቋንቋ ሳታነቢ፣ ቅጂውንም እናትሽ ጋር ሳታስቀምጪ እንዳትፈርሚ።