ቆራሌው ይጠብቅ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አሮጌ ኮምፒውተርና አሮጌ ጌም

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ ነው። ታላቅ ወንድሜ በዲቪ አሜሪካ ከመሄዱ በፊት ይጠቀምበት የነበረው ኮምፒውተር ዕቃ ቤት ውስጥ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኖ ተቀምጧል። ሲምሲቲ 2000 የሚባል፣ ከተማ የሚገነባበት ጌም ነበረው። ጥቁሩ የዶስ (በጽሑፍ የሚታዘዘው የድሮ ሲስተም) ስክሪን ላይ አንድ ነገር ጽፎ ነበር የሚገባው። እኔ ትንሽ ስለነበርኩ ማውሱን አያስነካኝም፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ከተማውን «ናዝሬት 2» ብሎት ነበር። ዘንድሮ ለፋሲካ ይመጣል። ከተማውን ከፍቼ ላሳየው አስቤያለሁ። ሚስቴ ግን «ለቆራሌ ስጠውና ቦታው ይለቀቅ» ትላለች። ሰክቼ ልሞክረው?
ታናሽየው፣ ከአዳማ

መልስ፦ እንዳትሰካው!

ለዓመታት የተኛ ኮምፒውተር «እስቲ ልየው» ተብሎ አይሰካም። መጀመሪያ ከኋላ፣ የመብራቱ ገመድ የሚሰካበት ፓወር ሰፕላይ ላይ ትንሽ ቀይ መቀየሪያ ካለች እያት። በአንድ በኩል 115፣ በሌላው 230 ትላለች። ያኔ ብዙ ኮምፒውተር የመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 115 ላይ ሊሆን ይችላል። የእኛ መብራት ደግሞ 220 ቮልት ነው። እንዳለ ከሰካኸው ጧ ይላል፣ ይጨሳል፣ ፋሲካውም እዚያው ያልቃል።

ደግሞስ አንተ የምትፈልገው ከተማውን ነው እንጂ ማሽኑን አይደለም። ከተማው ያለው ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ኬዙን ክፈትና ሃርድ ዲስኩን ብቻ አውጣ። ሰፊ ጠፍጣፋ ገመድ የተሰካበት፣ ከበድ ያለ ብረት ነው። አገናኙ አይዲኢ ይባላል። አይዲኢን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ ጥገና ቤቶች ጠይቅ። የራሱ አዳፕተር ያለው ይሁን፤ የዚያ ዘመን ትልቁ ዲስክ 12 ቮልት ስለሚፈልግ በዩኤስቢ ብቻ አይነሳም። ላፕቶፕህ ላይ ስትሰካው እንደ ፍላሽ ይከፈትልሃል። ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» ማለት ከጀመረ ግን ወዲያው ንቀልና ለባለሙያ ስጥ። እየደጋገሙ መሞከር ያለውንም ያጠፋል።

ከተከፈተልህ የጌሙን ፎልደር እንዳለ ገልብጥ። ውስጡ መጨረሻቸው «.SC2» (ኤስሲ2) የሆኑ ፋይሎች አሉ። ናዝሬት 2 ከነመንገዱ፣ ከነውሃ ቧንቧው፣ ከነግብሩ ያለው እዚያ ነው። መጠኑ አንድ ፍሎፒ አይሞላም፤ ፍሎፒ ማለት 1.44 ሜጋ ባይት የሚይዝ የድሮ ዲስክ ነው። ዛሬ በስልክህ የምታነሳት አንዲት ፎቶ ከዚያ ትበልጣለች። ከዚያ ዶስቦክስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ላፕቶፕህ ላይ ጫን። ዘመናዊውን ኮምፒውተር የድሮ ዶስ አስመስሎ ጌሙን ያስነሳልሃል።

እንዲህ የምለፈልፈው ይህን ጌም ስለማውቀው ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ እዚሁ አዳማ፣ ያኔ በወረቀት ሁሉ ናዝሬት ስትባል፣ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ቀን ማመልከቻና የሠርግ ጥሪ እመታለሁ። ማታ ባለቤቱ ሂሳብ ሲዘጋ እኔ «የቀረ ሥራ አለኝ» ብዬ ከተማ እገነባለሁ። እሳት፣ ጎርፍ፣ አውሎ ነፋስ፣ ጭራቅ ሳይቀር ጌሙ ውስጥ አለ። የእኛ ዋና አደጋ ግን ከስክሪኑ ውጭ ነበር፤ መብራት ይሄዳል። ሴቭ ካላደረግክ ከተማው አብሮ ሄደ። ዩፒኤስ የሚባለውን፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆየውን ባትሪ፣ በስም ብቻ ነበር የምናውቀው። እስከ ዛሬ ሁለት መስመር ጽፌ ሴቭ የማደርገው ያ ልማድ ነው።

የጌሙ አመጣጥ ራሱ ይገርማል። ዊል ራይት የሚባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1984 ለወጣ የሄሊኮፕተር ጦርነት ጌም የሚደበደቡ ደሴቶችን ይሠራ ነበር። ከመደብደቡ ይልቅ መሥራቱ ጣመው። ከዚያ ነው የከተማ ጌም ሐሳብ የመጣው። ብሮደርበንድ የተባለው አሳታሚ ግን ማሸነፍና መሸነፍ የሌለበትን ጌም ማን ይገዛዋል ብሎ አመነታ። ራይት ማክሲስ የተባለውን ኩባንያ አብሮ አቋቋመ፤ ሲምሲቲም እ.ኤ.አ. በ1989 ወጣ። የወንድምህ፣ ኮረብታና የከርሰ ምድር ቧንቧ የተጨመረበት ሁለተኛው ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ጌሙ የተሠራው በአሜሪካ ከተማ ልክ ነው። መኖሪያው አረንጓዴ፣ ንግዱ ሰማያዊ፣ ፋብሪካው ቢጫ፤ ሁሉም ለየብቻው። የእኛን ሰፈር ከየትኛው ትከተዋለህ? ከፊት ሱቅ፣ ከመሃል መኖሪያ፣ ከጓሮ ወፍጮ። ባጃጅና ጋሪም የለበትም። ቢሆንም ስለ ከተማ ማሰብ ያስተማረኝ እሱ ነው። ውሃ ያልደረሰው ሰፈር ለምን እንደማያድግ ከማንም ስብሰባ በፊት እዚያ አይቻለሁ።

የነፋሱ ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ጌሙ ውስጥ አንዲት የነፋስ ተርባይን በ100 ዶላር ትገዛለህ፤ 4 ሜጋ ዋት ትሰጥሃለች። ያኔ «ይቺ የፈረንጅ ጨዋታ ናት» ብዬ በድንጋይ ከሰል የሚሠራውን ማመንጫ ነበር የምተክለው። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 የአዳማ አንድ፣ በ2015 የአዳማ ሁለት ተርባይኖች ኮረብታው ላይ መዞር ጀመሩ። የእኛዎቹ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት ናቸው፤ አንዱ ጣቢያ 51፣ ሌላው 153 ሜጋ ዋት። ጌሙ አጋኗል፤ ዋጋውንማ ተወው።

ወደ አንተ ልመለስ። ኦሪጅናሉን ፋይል አትንካ፤ ሁለት ቦታ አስቀምጠው። ወንድምህ እስኪመጣ ድረስ በኮፒው አንተ ተጫወት። ያንን ማውስ እስኪሰለችህ ያዘው።

ማሽኑን ማስነሳት የግድ ካማረህ፣ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፍ። ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ካፓሲተር የሚባሉት ትንንሽ ቆርቆሮ መሳይ ነገሮች አናታቸው ካበጠ ተወው። የሳንቲም ባትሪው ሞቶ ይሆናል፤ ሲነሳ ቀኑን ያሳስታል፣ «ኤፍ1 ተጫን» ይላል። ብዙ ጊዜ በአንዳንድ የመኪና ሪሞት ውስጥ ያለው ዓይነት ነው፣ ትቀይረዋለህ። ያንን ከባድ ሞኒተር ግን በምንም ተአምር እንዳትከፍተው፤ ተነቅሎም ከፍተኛ ቮልቴጅ ይዞ ይቆያል። ቆራሌው ይጠብቅ። ባለቤትህ ከተቆጣች እኔ ነኝ ያልኩት በላት።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ እንዴት ነሽ? ጡረታ ስወጣ ልጄ ፍላይት ሲሙሌተር 98 የሚባል፣ አውሮፕላን የሚበረርበት ጌም አስጀመረኝ። ሁሌም ከሐይቅ ዳር ካለች ትንሽ አየር ማረፊያ ነበር የምነሳው። አሁን አዲሱን ቢጭንልኝ ያቺን ማረፊያ አጣኋት። የት ሄደች?
ጡረተኛው፣ ከሀዋሳ

መልስ፦ ጋሼ፣ ማረፊያዋ በእውነትም ጠፍታለች። ስሟ ሜግስ ፊልድ ነው፤ ቺካጎ፣ ሚሺጋን ሐይቅ ዳር። የፍላይት ሲሙሌተር አባት ብሩስ አርትዊክ የተማረው እዚያው ኢሊኖይ ስለሆነ ቺካጎን መምረጡ አይገርምም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 መጨረሻ የከተማዋ ከንቲባ ሪቻርድ ዴሊ በሌሊት ቡልዶዘር ልኮ መንደርደሪያውን አስቆፈረው። ቆመው የነበሩ 16 አውሮፕላኖች እዚያው ተቀረቀሩ። ዛሬ ቦታው መናፈሻ ነው።

98ቱን ከወደዱት ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ይፈልጉ፤ እዚያ ላይ ይሠራል። የ2020ው 150 ጊጋ ባይት ቦታ ይፈልጋል፣ የምድሩንም ምስል ከኢንተርኔት እያወረደ ነው የሚያሳየው፤ ዳታውን እርስዎ ያስቡት። ካለዎት ግን ከሀዋሳ ይነሱ። ቺካጎ 180 ሜትር ላይ ናት፤ የእርስዎ ከተማ 1,700 ሜትር አካባቢ። አየሩ ስስ ስለሆነ ሴስናዋ፣ ያቺ ትንሿ አውሮፕላን፣ እንደለመዱት ቶሎ አትነሳም። ረዘም አድርገው ያንደርድሯት።

ጥያቄ፦ የአባቴን ድሮ የተጻፉ ደብዳቤዎች በወርድ ስከፍት የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ይሆንብኛል። ጠፍተዋል ማለት ነው?
ተማሪ፣ ከአዳማ

መልስ፦ አልጠፉም፣ የኔ ልጅ። አባትሽ ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ጽፎት ይሆናል። የዚያን ጊዜ የአማርኛ ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ኮድ ተውሰው ፊደላችንን ያለብሱት ነበር። ፊደላችን የራሱን ቦታ በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት በወጣው የጋራ ኮድ፣ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የድሮውን ፎንት ጫኚ፣ ጽሑፉን ሁሉ ምረጪና ፎንቱን ቀይሪ፤ አማርኛው ይመጣል። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞችም አሉ። ስትጨርሺ በሌላ ስም ሴቭ አድርጊው እንጂ በአባትሽ ፋይል ላይ እንዳትደርቢበት።