የአባትሽን ፎቶ ይዘሽ ወደ ሜክሲኮ ለምትሄጂው እህቴ

«ባሌ የሜክሲኮዋ ዋሃካ ልጅ ነው። ለሙታን ቀን ስንሄድ አማቴ የአባትሽን ፎቶ ይዘሽ ነይ ብለውኛል። ምን ልያዝ?» ላልሽው፣ እኔም የዚያው አገር ምራት ነኝና ልንገርሽ።

1. ፎቶው ላይ አባትሽ ብቻቸውን ይሁኑ። ይህን ማንም አልነገረኝም። እማዬ ከአክስቴ ጋር የተነሳችውን ይዤ ሄድኩ። አማቴ አዩትና «ይቺኛዋ በሕይወት አለች?» አሉ። አዎ ስላቸው ፎቶውን እጄ ላይ መለሱት። በእነሱ ቤት በሕይወት ያለ ሰው ኦፍሬንዳ ላይ (ለሙታን ፎቶና ምግብ የሚደረደርበት የመታሰቢያ ጠረጴዛ) አይቀመጥም፣ ሟርት ነው። ሰፈር ውስጥ ፎቶ ቤት ሮጥኩ። ሰውዬው አክስቴን ሲቆርጥ የእማዬን ትከሻ አብሮ ቆረጠው! ስጮህበት «ፊቷ አለ አይደል?» ብሎኝ አረፈ። ብሬንም አልመለሰ። እዚያው ያለሽበት አሳጥበሽ፣ በፍሬም አድርገሽ ሂጂ።

2. ቡና ያዢ፣ ግን የተቆላና የታሸገ። ጥሬውን ኤርፖርት ላይ ወሰዱብኝ፤ ለእማዬ ነው ብዬ ባስረዳም ሴትየዋ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ደግነቱ የተፈጨ ነበረኝ። አፍልቼ በሲኒ ከፎቶዋ ፊት አስቀመጥኩ። ኮፓል የሚባለው ሙጫቸው ይጨሳል፣ ቤቱ በብርቱካናማ አበባ ተሞልቷል፣ ከጎኗ ውሃ፣ ጨው፣ ሻማ አለ። ዳቦው ላይ ደግሞ ትንሽዬ ቀለም የተቀባች የሰው ፊት ተሰክታለች። አማቴ የመጣውን ዘመድ ሁሉ «የምራቴ እናት ቡና ይኸውላችሁ» እያሉ አሳዩ። እንዴት እንደኮራሁ!

ቀኑን በተመለከተ፣ ኖቬምበር 1 የሕፃናት፣ 2 የአዋቂዎች ነው። የአባትሽን ምግብ ለኖቬምበር 2 አዘጋጂ። ዋሃካ ከተማ አጠገብ ያለው ሆሆኮትላን መቃብር ኦክቶበር 31 ማታ ከወሰዱሽ ሹራብ ደርቢ፣ ቱሪስቱ ፍላሽ ሲያበራም ቻዪው።

«ባዕድ አምልኮ ነው» የሚሉሽን ተያቸው። ተዝካር የሚያወጣ ሰው እንዲህ ሲል ይገርመኛል። ከነባሮቹ ሕዝቦች ልማድ ጋር የተቀላቀለ የካቶሊክ የሙታን መታሰቢያ ነው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2008 በቅርስነት መዝግቦታል።

ሌላ፣ ኦፍሬንዳው ላይ ያለውን ምግብ ቀኑ ሳያልፍ እንዳትነኪ። ካለፈ በኋላ ለዘመድ ለጎረቤት ይከፋፈላል። ጥቁር ሞሌ የሚባለው ወጣቸው ሲቀርብልሽ ግን ቀስ እያልሽ ብዪ፤ ቺሊና ቸኮሌት አንድ ላይ ስለሆነ ሆድ ላይ ይከብዳል። ሳህንሽ ባዶ ከሆነ እንደሚደግሙሽም እወቂ።