ቀለም በቀለም ላይ ሲያርፍ፦ የፒክሰል ጥያቄና መልስ

የግራፊክስ ፕሮግራም ስጽፍ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። የምትስሉት ቀለም ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር እንዴት እንደሚዋሃድ ያስቸገራችሁን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ በኤክስኦር ስልት በሰማያዊ መደብ ላይ ቢጫ መስመር ብስል ነጭ ሆኖ ወጣ። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ምንም አላጠፉም። ኤክስኦር የብዕሩንና የስክሪኑን ቁጥር ቢት በቢት (ቁጥሩ የተጻፈባቸውን 0ና 1 አሃዞች አንድ በአንድ) ያስተያያል፤ ሲለያዩ 1፣ ሲመሳሰሉ 0 ይጽፋል። ቀለም የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን ከ0 እስከ 255 በሚጻፍባቸው ሦስት ቁጥሮች ይገለጻል፤ ቢጫ 255፣ 255፣ 0 ነው፤ ሰማያዊ ደግሞ 0፣ 0፣ 255። አንድም ቢት ስለማይመሳሰል ሁሉም 255 ይሆናል፤ እሱም ነጭ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ እንዲህ ያለ ስልት ለምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ያንኑ መስመር በዚያው ቦታ ደግመው ሲስሉት የቀድሞው ሥዕል እንደነበረ ይመለሳል! ማህደረ ትውስታ ውድ በነበረበት ጊዜ፣ ከሥር ያለውን ሥዕል ሳያስቀምጡ በማውስ የሚጎተት ሳጥን ማሳየት የተቻለው በዚህ ነው። ዛሬም ውበቱ ያስደንቀኛል። አንድ ድክመት ግን አለው፤ በ255 ብዕር 128 በሆነ ግራጫ ላይ ሲስሉ ውጤቱ 127 ነው፤ ዓይን አይለየውም። ብዕሩን 128 ያድርጉት። ያኔ ማንኛውም ቁጥር በ128 ስለሚለወጥ መስመሩ የትም አይሰወርም።

ጥያቄ፦ በዊንዶውስ ጂዲአይ (የዊንዶውስ የሥዕል መሣሪያ) እንዲህ ያሉት የብዕር ስልቶች ለምን 16 ሆኑ?

መልስ፦ አንድ የብዕር ቢትና አንድ የስክሪን ቢት በ4 መንገድ ይገናኛሉ። ለእያንዳንዱ መልሱ 0 ወይም 1 ስለሆነ 2×2×2×2 ነው።

ጥያቄ፦ ግማሽ አሳላፊ ቀለሞችን ስደራርብ ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ አዎ። በነጭ ላይ ቀይ ቀድሞ ሰማያዊ ቢከተል ወደ 128፣ 64፣ 192 ይጠጋል፤ ቢገላበጥ 192፣ 64፣ 128 ይሆናል። ከሩቁ ጀምረው ወደ ቅርቡ ይሳሉ።

ጥያቄ፦ ዳራው አሳላፊ የሆነ ነጭ ምልክት ሳሳንስ ጠርዙ ላይ ግራጫ መስመር ይወጣል። መደቡ ነጭ ነው።

መልስ፦ እኔንም ቀናት አድክሞኛል። ጥፋቱ ዓይን በማያየው ፒክሰል ውስጥ ነው። ፈጽሞ አሳላፊ የሆነው ዳራ ብዙ ጊዜ በውስጡ ጥቁር ቀለም ይይዛል። ሥዕሉ ሲያንስ ነጩና ይህ ስውር ጥቁር ተማክለው ግማሽ አሳላፊ ግራጫ ይወልዳሉ፤ በነጭ መደብ ላይ ሲያርፍም 255 መሆን የነበረበት 191 አካባቢ ይሆናል። መድኃኒቱ ከማሳነስ በፊት ቀለሙን በአልፋው (ፒክሰሉ ምን ያህል እንደማያሳልፍ በሚናገረው ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር) ማባዛት፣ ሲያዋህዱም ዳግመኛ አለማባዛት ነው። ቶማስ ፖርተርና ቶም ዳፍ በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ ቀለምን በዚህ መልክ ይዘዋል፤ እኔም ሁልጊዜ የምመርጠው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ ጥቁርና ነጭን እኩል ሳዋህድ ውጤቱ ለምን ይጨልማል?

መልስ፦ የ0ና የ255 አማካይ 128 ያህል ነው፤ ነገር ግን በተለመደው ኤስአርጂቢ (ስክሪኖች የቀለም ቁጥሮችን በሚያነቡበት ደንብ) 128 የሚሰጠው የነጩን ብርሃን 22 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የብርሃኑ ግማሽ ያለው 188 ላይ ነው። ቁጥሮቹን መጀመሪያ ወደ ብርሃን መጠን ይለውጡ፣ ያዋህዱ፣ ከዚያ ይመልሱ።