«ጃጁ» ወይስ «የመርሳት በሽታ»?

ጥያቄ፦ አንዱ ሐኪም አባቴን «ዲሜንሺያ» አለባቸው ሲል፣ ሌላው «አልዛይመር» ነው አለ። ወረቀቱ ላይ «የመርሳት በሽታ» ተብሎ ተጽፏል፤ ዘመድ ደግሞ «ጃጁ» ይላል። ሁሉም አንድ ነው? እኔስ አስታማሚ ነኝ ተንከባካቢ?

መልስ፦ አንድ አይደለም። ዲሜንሺያ የምልክቶች መጠሪያ ነው፤ ማስታወስ፣ ማመዛዘን፣ ቃል ማግኘት፣ ቦታና ጊዜ መለየት እየደከሙ ሄደው የዕለት ኑሮን ሲያውኩ ይህን ስም ያገኛሉ። አልዛይመር ይህን ከሚያመጡት በሽታዎች ዋናው ሲሆን፣ ስሙ እ.ኤ.አ. በ1906 ሕመሙን ከገለጸው ጀርመናዊ ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር የመጣ ነው። ሐኪሞቹ አልተቃረኑም፤ አንዱ «ያስለዋል»፣ ሌላው «ቲቢ ነው» እንዳሉ ይቁጠሩት።

«የመርሳት በሽታ» የሚለውን ሁሉም ሰው ይረዳዋል፤ ግን ትርጉሙ ጠባብ ነው። አባትዎ የትናንቱን እያስታወሱ የገንዘብ ቆጠራ ቢያቅታቸው፣ ቤተሰብ «አይረሱም እኮ» ብሎ ሳያስመረምራቸው ሊቀር ይችላል። «የመዘንጋት በሽታ» የሚሉም አሉ፤ እኔ አልመክረውም። «ዘነጋ» ውስጥ ቸልታ አለ፤ ዝንጉ የምንለው ልብ ቢል ኖሮ የማይስተውን ሰው ነው። አማርኛ ለታማሚው የሚያዝን ሌላ አባባል አለው፦ «ስሙ ጠፋኝ»። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ስሙ ነው፤ ሰውየው ተሳቢ ስለሆነ ጥፋቱ አይጣልበትም። ስለዚህ «ቃል እየጠፋቸው ነው» ይበሉ።

«ጃጁ» ይቅር። ከማዋረዱም በላይ ነገሩን የዕድሜ ወግ ያስመስለውና ሕክምና ያስቀራል። ጃፓኖች እንኳ ቂልነትን የሚያመለክተውን የቀድሞ ስያሜ እ.ኤ.አ. በ2004 በይፋ ለውጠውታል።

«መቀባጠር»ን፣ ማለትም ድንገት የሚመጣ መምታታትን፣ ግን ለይተው ያስቀምጡት። ዲሜንሺያ በአብዛኛው በወራትና በዓመታት ይብሳል፤ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት ከተምታታባቸው ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት ወይም መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው። ሲደርሱም «ባሰባቸው» ብቻ አይበሉ፤ «ከትናንት ማታ ጀምሮ ይቀባጥራሉ» ሲሉ ሐኪሙ አዲስ ነገር መምጣቱን ይረዳል።

አስታማሚ ከ«ታመመ» የወጣ ነው፤ ሆስፒታል አልጋ አጠገብ ላለው ሰው በትክክል ይስማማል። ለዓመታት ለሚያጥብ፣ ለሚያጎርስ፣ በር ለሚጠብቅ ሰው፣ ተቀጣሪም ቢሆን፣ ተንከባካቢ ይሻላል። ጧሪ ደግሞ ልጅ ለወላጁ ያለበት ግዴታ ስም ነው፤ ከዓረብ አገር ገንዘብ የምትልከው እህትዎም ጧሪ ናት፣ ተንከባካቢው ግን እርስዎ ነዎት።