«አጋች» ወይስ «ገቺ»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጅማ የምኖር የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። ቡና ላይ ቁጭ ብለን ስለ ትምህርቴ ሳስረዳ «ሞለኪውል የሚያጓጉዙ ፕሮቲኖች ኬሚካላዊ አጋቾች» (የፕሮቲኖቹን ሥራ የሚያስቆሙ ንጥረ ነገሮች ማለቴ ነው) ብል፣ እናቴ ጀበናዋን እንደያዘች «ማንን ነው ያገቱት?» አለችኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ምን ብል ይሻላል?

መልስ፦ እናትሽ ልክ ናቸው። «አጋች» ከ«አገተ» ነው የሚወጣው። ዛሬ ቃሉን የሰማ ሁሉ ሰው ይዞ ገንዘብ የሚጠይቀው ነው ትዝ የሚለው። ከ«አገደ» ቢሆን እንኳ «አጋጅ» ነበር።

እኔ «ገቺ»ን እመርጣለሁ። በቅሎ በልጓም ትገታለች፤ አትሞትም። ልጓሙ ሲላላ መንገዷን ትቀጥላለች። ዲጎክሲን የሚባለው የልብ መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ሶዲየም እያስወጣ ፖታሲየም የሚያስገባውን የሴል ፓምፕ፣ ማለትም ከነዚያ የሚያጓጉዙ ካልሻቸው ፕሮቲኖች አንዱን፣ ይይዛል፤ ሲለቀው ፓምፑ ሥራውን ይቀጥላል። ኦሜፕራዞል ግን ከጨጓራው የአሲድ ፓምፕ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ያ ፓምፕ በቃው፤ አሲዱ እንደ ድሮው እንዲመነጭ ሴሉ ሌላ መሥራት አለበት። እንዲህ ላለው «አምካኝ» ቢባል አልቃወምም።

መድኃኒቱን ስትጠሪ ደግሞ «መግቻ» በይ። አማርኛ መድኃኒትን እንደ መሣሪያ ነው የሚያየው፦ ማስታገሻ፣ ማደንዘዣ፣ ማርከሻ። «የአሲድ መግቻ» ብትይ ጨጓራ የሚያመው ሁሉ ይገባዋል።

«አጓጓዥ» ላይም ቅር ይለኛል። በውስጡ «ጓዝ» አለ፤ ጓዝ ይዞ አብሮ መጓዝ ነው። ከጅማ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ የሚገባ አይሱዙ አጓጓዥ ነው። ኦክስጅን ይዞ በደም የሚዞረው ሄሞግሎቢንም እንደዚያው። የሴል ሽፋን ላይ ተተክሎ የሚውለው ፕሮቲን ግን የትም አይሄድም። ጊቤ ሲሞላ ሰው የሚያሻግር ጎበዝ ከወንዙ አይርቅም፤ ከዚህ ዳር ተቀብሎ እዚያ ዳር ያደርሳል። ስለዚህ «አሻጋሪ»። ሲጠቃለል «የአሻጋሪ ፕሮቲን ገቺ» ይሆናል፤ «ኬሚካላዊ» የሚለውን ለፈተና ወረቀት አቆዪው።

ቃሉ ሁሉ ከፈረንጅ የመጣ እንዳይመስልሽ ደግሞ፦ ዲጎክሲን የሚገታውን ያንኑ ፓምፕ የሚገታ ኡዋባይን የሚባል የዕፅ መርዝ አለ። ስሙ የተወሰደው ከሶማሊኛው «ዋባዮ» ነው፤ ቀስት ላይ የሚቀባ መርዝ ማለት ነው።

አንድ ነገር ብቻ፦ ቶናው ሲቀዳ ቡናውን ምሳሌ እንዳታደርጊው። ካፌይን እንቅልፍ የሚያባርረው አሻጋሪ ገትቶ ሳይሆን አዴኖሲን የሚባለው እንቅልፍ አምጪ ንጥረ ነገር የሚያርፍበትን ተቀባይ ፕሮቲን ይዞበት ነው።