«ልጄ፣ ቂብላው ወዴት ነው?»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

ደሴ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ ነኝ። ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የእናቴ አባት ግን ሙስሊም ነበሩ፤ ወሎ ውስጥ ይሄ ብርቅ እንዳልሆነ ያውቃሉ።

ከሦስት ሳምንት በፊት የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ልባቸው የደከመ አንዲት እናት ኦክስጅን ላይ ናቸው፤ ልጃቸው ከባቲ እየመጣ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እጄን ያዙና «ልጄ፣ ቂብላው ወዴት ነው?» አሉኝ። ሙስሊም ሲሰግድ ወደ መካ የሚዞርበትን አቅጣጫ ማለታቸው ነው፤ ከደሴ መካ በስተሰሜን ነው። የኦክስጅኑን ቱቦ እየጠበቅኩ አልጋውን ጎተትኩና በቀኝ ጎናቸው አዞርኳቸው። ቀጥለው «ምላሴ ከበደኝ፤ ሸሃዳውን በይልኝ» አሉ፤ የእስልምናን የእምነት ምስክርነት ቃል ማለታቸው ነው። ማተቤን ይዤ ዝም አልኩ። ከዚያ ሙስሊም የሆነውን ጥበቃ ልጠራ ሮጥኩ። ስንመለስ አርፈዋል።

ልጃቸው ሲነጋ ደረሰ። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ሸሃዳ ይዛ ነው የሄደችው?» ብሎ ነው። «አላውቅም» አልኩት። የሥራ ባልደረባዬ «የእኛ ሥራ መድኃኒት መስጠት ነው፤ ሌላው አይመለከተንም» ትለኛለች። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ልጁ ለሞት ማስረጃው ተመልሶ ይመጣል፤ ምን ልበለው?

ነርሷ፣ ከደሴ

*

ልጄ፣

ባልደረባሽ ተሳስታለች። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት በ1953 እ.ኤ.አ. ካጸደቀው ጀምሮ እየታደሰ የመጣው የሥነ ምግባር ደንብ፣ የሕመምተኛው ልማድና መንፈሳዊ እምነት እንዲከበር ነርሷን ይጠይቃል። አልጋውን ማዞርሽ የነርስ ሥራ ነው።

ሸሃዳውን ማለት ግን ግዴታሽ አልነበረም። የሰውን እምነት ማክበር የራስን እንድትጥዪ አያስገድድም። ማተብሽን መያዝሽ አያሳፍርሽ። ሌላ ጊዜ ግን ከአልጋው አትራቂ። ልጁ መንገድ ላይ ነበር፤ ደውለሽ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገሽ ትራሳቸው ላይ ብታስቀምጪው ኖሮ እሱ ራሱ ቃሉን ባስታወሳቸው ነበር። በእስልምና የሚሞትን ሰው ለዘብ አድርጎ ቃሉን ማስታወስ ተልቂን ይባላል፤ አጠገቡ ያለ ሰው ቀስ ብሎ ይለዋል፣ ደጋግሞ አያስጨንቀውም። ይህን ያወቅኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ የክፍላችን የጽዳት ሠራተኛ ነው።

የበሽተኛ ካርድ ላይ ሃይማኖት የሚሞላበት ቦታ አለ፤ ሞልተን እንረሳዋለን። ገና ሲተኙ፣ አቅም እያላቸው፣ «ቢብስብዎት ማን ይጠራልዎ? ምን እንዲደረግልዎ ይፈልጋሉ?» ብለሽ ጠይቂ። አንዱ የንስሐ አባቱን ይላል፣ ሌላዋ ሼሁን ትላለች። መልሱን ጻፊና ለሚቀጥለው ተረኛ አስረክቢ። የስኳር ሕመምተኛ ረመዳንን ልጹም ብላ መርፌዋን ስትተው ግን ዝም አትበያት፤ ቁርአን ለበሽተኛ ፈቃድ ሰጥቷል፣ ይህን ከአንቺ ይልቅ ከሼህ ብትሰማው ይሻላል፤ ሐኪሙንና ሼሁን አገናኚያቸው።

እኔ በወጣትነቴ ለቀዶ ጥገና የምትገባ ሴት ማተብ ሳላስፈቅድ በመቀስ ቆርጫለሁ። ሴትዮዋ ከማደንዘዣው ስትነቃ እጇ የሄደው ወደ ቁስሏ አልነበረም፤ ወደ አንገቷ ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ክሩ የት እንደወደቀ እንኳ አላውቅም ነበር። እጇ ላይ ላስርላት እችል ነበር እኮ! ያን ቀን ሙሉ አላናገረችኝም፤ እውነቷን ነው።

ልጁ ሲመጣ «አላውቅም» ያልሽውን አስተካክዪለት። ወንበር ስጪውና ያየሽውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ንገሪው፦ እናትህ ቂብላውን ጠየቁኝ፣ ወደዚያ አዞርኳቸው፤ ምላሳቸው ቢከብድ ሸሃዳውን በይልኝ አሉኝ፤ የሚልላቸው ሰው ልጠራ ስሄድ አረፉ። በመጨረሻ ከአፋቸው የሰማሁት ሸሃዳን ሲጠይቁ ነው በዪው።