«ዩኒቨርሲቲው ተከሰሰ» የሚለው ማስታወቂያ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። ታናሽ እህቴ ጆርጂያ፣ አትላንታ አካባቢ ትኖራለች። ልጇ በመጪው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው። ሰሞኑን አንድ የጋዜጣ ማስታወቂያ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። የጆርጂያ ስቴት ከሳሽ፣ ለዩኒቨርሲቲው ዶርም የሚያሠራው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ተከሳሽ ይላል። ስለ ቦንድም ያወራል። አቦ፣ መንግሥት የራሱን ሰው ይከሳል እንዴ? ልጁስ ማደሪያ ሊያጣ ነው?

መልስ፦ ኧረ አይጨነቁ። ከሳሽና ተከሳሽ ይበል እንጂ የተጣላ ሰው የለም።

ዶርም መሥራት ብዙ ገንዘብ ይበላል። ባለሥልጣኑ ታዲያ ቦንድ ይሸጣል፣ ማለትም ይበደራል። ዕዳውን ተማሪዎቹ ከሚከፍሉት የማደሪያ ኪራይ ላይ እየቀነሰ ይመልሳል። ቦንድ ለእኛም እንግዳ አይደለም፣ ለህዳሴ ግድብ ያልገዛ ሰው ከከዚራ እስከ ሳቢያን ቢፈለግ ስንት ይገኛል?

ጣጣው ያለው የቦንዱ ገዢ ጋ ነው። እንዲህ ያለ ቦንድ 20 እና 30 ዓመት ሊቆይ ይችላል። በመሃል አንድ ሰው ተነስቶ «ይሄ መሥሪያ ቤት ከመጀመሪያውም የመበደር ሥልጣን አልነበረውም» ቢልና ፍርድ ቤት ቢሰማውስ? ይህን የሚፈራ ሰው ወይ አይገዛም፣ ወይ ወለዱን ከፍ አድርጉልኝ ይላል። የጆርጂያ ሕግ ታዲያ ክርክሩ ካለ አሁኑኑ ይምጣ ብሎ ቀድሞ ይጠራዋል። ቦንድ አውጪው ራሱ ለዐቃቤ ሕጉ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ዐቃቤ ሕጉም በ20 ቀን ውስጥ በስቴቱ ስም ለፍርድ ቤት አቤቱታ ያስገባል። ክሰሰኝ ብሎ ለምኖ መከሰስ በሉት!

እኛ ጋ የወራሽነት ማስታወቂያ አይተው ያውቃሉ አይደል? «ተቃዋሚ ካለ ቀርቦ ያመልክት» የሚለውን። እህትዎ ያየችውም የዚያ ዘመድ ነው። ከችሎቱ ሳምንት በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት በጋዜጣ ይወጣል፣ የአካባቢው ነዋሪ የሆነ ዜጋም ገብቶ መከራከር ይችላል። ዳኛው ብድሩ ሕጉን ተከትሎ መምጣቱን አይቶ ያጸድቃል። በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ካልተባለ ነገሩ ለዘለዓለም ተዘጋ። በቦንዱ ላይም በፍርድ መጽደቁን የሚገልጽ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ማረጋገጫ ያርፍበታል።

እኔን የሚከነክነኝ ማስታወቂያው ነው። በደቃቅ ፊደል የወጣን ነገር በሁለት ሳምንት ውስጥ ማን አንብቦት ጠበቃ ይይዛል? ደግሞ ማረጋገጫውን ከዋስትና ጋር የሚያምታቱት አሉ። ፍርድ ቤቱ ቦንዱ ሕጋዊ ነው አለ እንጂ ገንዘቡ ይመለሳል አላለም፤ ዶርሙ ተከራይ አጥቶ ባዶውን ቢቆም የሚከስረው ገዢው ነው።

የእኛ መንገድ ለየት ይላል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን በዋናነት የሚገነቡት በፌዴራል በጀት ነው። እንደ ቦንድና አክሲዮን ያሉት የሚሸጡበትን የካፒታል ገበያ የሚቆጣጠረው ደግሞ በአዋጅ 1248/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው።

ወደ ልጁ ስንመለስ፣ ይሄ ማስታወቂያ ከዶርም አያስወጣውም። እህትዎ የማደሪያ ማመልከቻው መቼ እንደሚዘጋ ታጣራ። ኪራዩ ስንት እንደሆነም አብራ ትጠይቅ፣ ያንን ብድር ከሚከፍሉት አንዱ የእሷ ልጅ ነውና።